አባዬ፣ ነጯን ኮፍያ አውጣት

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሮተርዳም ብርድ ግን ዘንድሮ አለቅም ብሏል።

ይህን በስልክ ብነግርህ መስመሩ እየተቆራረጠ ነገሩ ይበላሽብኛል ብዬ ነው የምጽፍልህ። ባለፈው ቅዳሜ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ገበያ ሄጄ ነበር። የድሮ ሸክላዎች ሳገላብጥ ሴይለር የሚባል የእንግሊዝ ባንድ አገኘሁ። በእኛ «መርከበኛ» ማለት ነው። አንተ ትዝ አልከኝና ገዛሁት። ማታ የድሮ ቪዲዮዎቻቸውን ፈልጌ አየሁ። የመርከበኛ ልብስ ለብሰው ነው የሚዘፍኑት። ይኸው ሳምንቱን ሙሉ እነሱን ነው የምሰማው።

ባንዱን ያቋቋመውና ዘፈኖቹን የሚጽፈው ጌኦርግ ካያኑስ ይባላል። የተወለደው ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም ነው። ኖርዌይ ስል ምን ትዝ እንደሚልህ አውቃለሁ። ባሕር ኃይላችን ሲቋቋም ኖርዌጂያኖች እንዳሠለጠኑ ስንት ጊዜ ነግረኸናል! የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት። አንተ ምፅዋ ሆነህ የአዲስ አበባን ወሬ በሬዲዮ ስትከታተል፣ እነሱ ስለ ወደብ ከተማና ከመርከብ ወርዶ አንድ ሌሊት ስለሚዝናና ባሕረኛ ይዘፍኑ ነበር።

በጣም የገረመኝ ግን መሣሪያቸው ነው። ኒኬሎዲየን ይሉታል። ካያኑስ ራሱ ያሠራው ነው። ሁለት ፒያኖዎችን ጀርባ ለጀርባ አጋጥሞ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። በላያቸው ላይ ሲንተሳይዘርና እንደ ደወል የሚጮህ መሣሪያ ጨመረበት። የባንዱ አባላት ፊል ፒኬትና ሄንሪ ማርሽ ፊት ለፊት ተያይተው ይጫወቱታል። ቤዝ ጊታር የሚባል የላቸውም፤ የቤዙ ድምፅም የሚወጣው ከዚያው ነው። ከበሮው የግራንት ሰርፔል ነው። አባዬ፣ ድምፁን ብትሰማው! የወደብ ቡና ቤት በሩ ተከፍቶ ጫጫታው መንገድ ላይ የፈሰሰ ነው የሚመስለው።

«ኤ ግላስ ኦፍ ሻምፓኝ» የሚለው ዘፈናቸው እንግሊዝ ውስጥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1976 ደግሞ «ገርልስ ገርልስ ገርልስ» 7ኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ እንዲያ ያለ ዕድል አልቀናቸውም። በ1977 ያወጡት አንዱ ዘፈን 35ኛ ላይ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ካያኑስ ለቀቀ። ፒኬት ካልቸር ክለብ ለሚባል ሌላ የእንግሊዝ ባንድ ይሠራ ጀመር። በ1983 ዓለምን ያዳረሰው «ካርማ ካሚሊየን» የሚለው ዘፈናቸው ላይ ከደራሲዎቹ አንዱ እሱ ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። ሰው ከመርከብ ቢወርድም ሙያው አብሮት ይወርዳል። በኋላ አራቱም እንደገና ተሰባስበው በ1991 አዲስ አልበም አወጡ። ያን ጊዜ አንተ የት እንደነበርክ ሁለታችንም እናውቃለን። ምፅዋ ከእጅ ከወጣች ዓመት አልፏል። የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሽተዋል። አንተ ደግሞ አንዲት ሻንጣ ይዘህ ቤት ገብተሃል።

አባዬ፣ ይህን ሁሉ የማወራህ ለአንድ ነገር ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የወላጆች ቀን ነበር። ጠዋት ነጯን ኮፍያህን ከሣጥን አውጥተህ፣ ናፍታሊኑን አራግፈህ፣ መልሕቅ ያለበትን ምልክት በጨርቅ ስትወለውል አየሁህ። ከዚያ በፊት ልጆቹ «ባሕር የሌለው ባሕር ኃይል» እያሉ ስቀውብኝ ነበር። «እባክህ እሷን አታድርግ» አልኩህ። አንተ ምንም አልመለስክም። ኮፍያዋን በጋዜጣ ጠቅልለህ መልሰህ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥካት። ራስህን ሳትሸፍን ትምህርት ቤት መጣህ። ከዚያ ወዲህ ኮፍያዋን አድርገህ አይቼህ አላውቅም።

እነዚህ ሰዎች ሙዚቀኞች ናቸው። ልብሱ የመድረክ ልብስ ነው። ግን ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ቀና ብለው፣ ስንት ሕዝብ ፊት ቆሙ። አንተ ማዕበሉን ያየኸው፣ ሌሊት ዳህላክ አጠገብ ፈረቃ የቆምከው፣ በእኔ ምክንያት አወለቅካት። ቪዲዮውን እያየሁ አለቀስኩ። ይቅር በለኝ አባዬ። ያኔ ልጅ ብሆንም ፊትህ ሲለወጥ አይቻለሁ፤ እያየሁም ዝም አልኩ።

ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ሸክላውንም ይዤልህ እመጣለሁ። የአጎቴ ሸክላ ማጫወቻ መርፌው ካለቀ ከዚህ እገዛለሁ፤ ዓይነቱን አስጠይቀህ ንገረኝ። እማዬ ኮፍያዋን ከሣጥኑ ታውጣና በረንዳው ላይ ታናፍሳት። ኤርፖርት ስትመጣ አድርገሃት ና። ከሩቅ በእሷ ነው የምለይህ።

ልጅህ