«ፈሳሽ አለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምርመራ አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሴቶች የመራቢያ አካላት ኢንፌክሽን ላይ የሚሠሩ ጥናቶች ሲዘገቡ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይዘለላል፤ ቁጥሩ ከየት መጣ የሚለው። «ከመቶ ይህን ያህሉ ሴቶች የአባላዘር በሽታ አለባቸው» የሚል ርዕስ ይወጣል፤ ጥናቱ ሲነበብ ግን አንዲትም ሴት አልተመረመረችም። መጠይቅ የያዘ ሰው «ባለፉት 12 ወራት ያልተለመደ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነበረሽ? ቁስልስ?» ብሎ ጠይቆ፣ አዎ ያሉትን ቆጥሮ ሄዷል። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናትም የሚጠይቀው በዚሁ መንገድ ነው። ዳሰሳው ራሱ ቁጥሩ ሴቶቹ በአንደበታቸው የተናገሩት መሆኑን አይደብቅም። ችግሩ የሚመጣው ያንን መረጃ ወስዶ የሚተነትነው ተመራማሪና ከእሱ ተቀብሎ የሚጽፈው ጋዜጠኛ «ተናግረዋል» የሚለውን ቃል መንገድ ላይ ሲጥሉት ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር በሁለት በኩል ይስታል፤ በሽታው ያለባት ሴት ምንም ላይሰማት ይችላል፣ ፈሳሽ አስቸገረኝ የምትለውም ኢንፌክሽን ላይኖራት ይችላል። የመጀመሪያውን በደንብ ያሳየው በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት በጋድቺሮሊ የተሠራው ጥናት ነው። ዶክተር ራኒ ባንግና ባልደረቦቻቸው በሁለት መንደሮች 650 ሴቶችን በመጠየቅ ሳይወሰኑ የማህፀንና የላብራቶሪ ምርመራ አደረጉላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲታተም 92 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ የመራቢያ አካል ሕመም እንደተገኘባቸው ታወቀ። ችግር አለብኝ ያሉት ግን 55 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የማህፀን ምርመራ አድርገው የሚያውቁት ደግሞ 8 በመቶ። ሁለተኛውን ያሳየው ከዓመታት በኋላ እዚያው ህንድ ውስጥ በጎዋ 2,494 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ያልተለመደ ፈሳሽ አለብኝ ያሉት 14.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከዚህ ቅሬታ ጋር ጠንክሮ የታየው ጭንቀት፣ ድባቴና የሰውነት መዛል ነበር፤ ከላብራቶሪ ኢንፌክሽን ጋር የነበረው ዝምድና ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ሴቶቹ ዋሹ ማለት አይደለም። ሰውነታቸው ደክሟል፤ የደከመበትን ምክንያት ፍለጋ ግን ሁልጊዜ ወደ ማህፀን መሄድ ስህተት ነው።

ይኸው ስህተት ከጥናት ወረቀት ወጥቶ ጤና ጣቢያ ውስጥም ይኖራል። የምልክት ተኮር ሕክምና (ላብራቶሪ ሳይጠበቅ በምልክት ብቻ የሚሰጠው) ለወንዶች ፈሳሽና ለብልት ቁስል በሚገባ ይሠራል። ለሴት ብልት ፈሳሽ ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ፈሳሹን በብዛት የሚያመጡት ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ (የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት) እና ካንዲዳ (ፈንገስ) በተለመደው አነጋገር የአባላዘር በሽታዎች አይደሉም፤ ጨብጥና ክላሚዲያ ደግሞ የሚቀመጡት የማህፀን በር ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ድምፅ አያሰሙም። የአባላዘር በሽታ ሕክምና መመሪያው ይህን ክፍተት ለመሙላት የአደጋ መጠየቂያ ጥያቄዎች ጨመረ፦ ዕድሜ ከ25 በታች ነው? ባለፉት 3 ወራት አዲስ ወይም ከአንድ በላይ የወሲብ ጓደኛ ነበረሽ? ለገንዘብ ወሲብ ፈጽመሽ ታውቂያለሽ? ልብ በሉ፣ የሚጠየቀው ሁሉ ስለ እሷ ነው። ባሏን ብቻ የምታውቅ የ22 ዓመት ሙሽራ በዕድሜዋ ብቻ የጨብጥ መድኃኒት የሆነውን ሴፍትሪያክሶን ትወጋለች፤ ባሏ ወሩን በመንገድ የሚያሳልፍ የ35 ዓመት ሴት ግን ጨብጥንና ክላሚዲያን የማያክመውን ሜትሮኒዳዞል ብቻ ይዛ ትሄዳለች። የሁለተኛዋ መዘለል ዋጋ ያስከፍላል፤ ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ ወደ ማህፀን ቱቦ ሊወጣ ይችላልና። በስዊድን ሉንድ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽናቸው በላፓሮስኮፒ (ሆድ ውስጥ በሚገባ የማያ መሣሪያ) የተረጋገጠ ሴቶች ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመው ውጤት፣ አንድ ጊዜ የታመሙት 8 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ የታመሙት ወደ 20 በመቶ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ የታመሙት 40 በመቶ ቱቦአቸው ተዘግቶ መሃን ሆነዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማይክሮስኮፕና የላብራቶሪ ባለሙያ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ከፈሳሽ ጥያቄ ወደ ምርመራ መሻገር ይቻላል፤ ብዙም አያስወጣም። ዝርዝሩን የምንጽፈው ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በትንንሽ ነገሮች ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ፒኤች፣ ማለትም የፈሳሹ የአሲድነት መጠን፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል። ብልትን ከፍቶ የሚያሳየው ስፔኩለም በውኃ ብቻ ይራስ፤ ማለስለሻ ጄል ንባቡን ያዛባል። ናሙናው የሚወሰደው ከብልት ግድግዳ ጎን ነው። ከማህፀን በር ከተወሰደ የዚያ ንፍጥ በተፈጥሮው አሲድነት ስለሌለው ወረቀቱ በከንቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ደምና የወንድ ዘር ፈሳሽም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወይም ትናንት ማታ ግንኙነት ያደረገች ሴት ንባብ አይታመንም። የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ለዚህ አይሆንም፤ ክፍተቱ ሰፊ ነው፤ በ4 እና በ6 መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ የሚለይ ወረቀት ያስፈልጋል። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ጤነኛ ሴት ከ3.8 እስከ 4.5 ታነባለች። ካንዲዳ ብቻውን ይህን አይቀይረውም፤ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስና ትራይኮሞናስ (በወሲብ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ) ግን ከ4.5 በላይ ያደርሱታል። የወር አበባዋ የቆመ ሴት ያለ በሽታም ከ4.5 በላይ ልትሆን ትችላለች።

ከዚያ ስላይዱ። አንድ ጠብታ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ)፣ ናሙናውን ማቀላቀል፣ መሸፈኛ መስታወቱን ላዩ ላይ ማኖር፣ የማይክሮስኮፑን ኮንደንሰር ዝቅ አድርጎ በ10፣ ቀጥሎ በ40 ሌንስ ማየት። ትራይኮሞናስ የሚታወቀው በመዋኘቱ ነው። ሲቀዘቅዝና ሲቆይ መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ከነጭ የደም ሕዋስ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። ናሙናው «ሲሰበሰብ አብረን እናየዋለን» ተብሎ ትሪ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ከተቀመጠ ውጤቱ «አልታየም» ይሆናል፤ ያ ግን የለም ማለት አይደለም። በትክክል ሲሠራም ይህ ምርመራ ከትራይኮሞናስ ብዙውን ያመልጠዋል፤ ሲታይ ይታመናል፣ ሳይታይ ሲቀር ግን ጥርጣሬው ይቆያል።

10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሌላ ስላይድ ላይ ይጨመር። ሳላይኑ ላይ ከፈሰሰ የሚዋኘውን ይገድለዋል፤ ይህ በችኮላ ብዙ ጊዜ ይደረጋል። ሲጨመር የዓሣ ሽታ ከወጣ አንዱ ምልክት ነው፤ ሕዋሳቱ ሲሟሙ ደግሞ የካንዲዳ ክሮች ጎልተው ይታያሉ። በአምሴል መስፈርት ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው ከአራቱ ሦስቱ ሲሟሉ ነው፦ ቀጭንና ወጥ የሆነ ፈሳሽ፣ ከ4.5 በላይ ፒኤች፣ የዓሣ ሽታ፣ እና ከሽፋን ሕዋሳቱ ቢያንስ 20 በመቶዎቹ ጠርዛቸው በባክቴሪያ ተሸፍኖ ሲታይ።

መድኃኒቱ ላይ ብዙ አንቆይም፤ መመሪያው ያውቀዋል። ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስና ለትራይኮሞናስ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን። በአንዴ የሚዋጠው 2 ግራም ለሴቶች ትራይኮሞናስ ከ7 ቀኑ ያነሰ ውጤት እንዳለው ተረጋግጧል፤ አሁንም መታዘዙ መቆም አለበት። የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሽታው ጠፋ፣ አፏ የብረት ጣዕም ሆነ፣ ሆዷን አቅለሸለሻት፣ ተወችው። ጿሚ ሴት ጠዋት በባዶ ሆድ የምትውጠው ከሆነ ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ ጾም ላይ መሆኗን ጠይቆ ሰዓቱን ከእሷ ጋር ማውጣት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እርጉዝ ሴት ካንዲዳ ሲኖርባት ፍሉኮናዞል ሳይሆን ወደ ብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል ይሰጣት። ውስጥን በሳሙና ወይም በፀረ ጀርም ፈሳሽ ማጠብ ደግሞ ላክቶባሲለስ የሚባሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጠርጎ ለዚሁ በሽታ ያመቻቻል፤ ውጪውን በውኃ መታጠብ ይበቃል።

ባልን በተመለከተ ደግሞ የተለወጠ ነገር አለ። ለረጅም ጊዜ ለባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ባል አይታከምም ይባል ነበር፤ ለወንዶች እንክብል ብቻ የሰጡ የቀድሞ ሙከራዎች ጥቅም ስላላሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከአውስትራሊያ የታተመው ሙከራ ግን በአንድ ጓደኛ የጸኑ ጥንዶችን ይዞ፣ ወንዶቹ ሜትሮኒዳዞል 400 ሚሊ ግራም እየዋጡ ብልታቸው ላይ 2 በመቶ ክሊንዳማይሲን ክሬም ሲቀቡ፣ ሁለቱም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን፣ በ12 ሳምንት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው ሴቶች 35 በመቶ ሆኑ፤ ባሎቻቸው ባልታከሙት ግን 63 በመቶ። በሽታው ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ የሚመለስባት ሴት ስትመጣ ይህ ሊነገራት ይገባል። እንክብሉ ያለ ክሬሙ ተሰጥቶ «ባልም ታክሟል» እንዳይባል ግን መጠንቀቅ ነው። አነጋገሩም ይታሰብበት፤ ይህ ምርመራ ክህደትን አያረጋግጥም። «የአባላዘር በሽታ» የሚል ካርድ ይዛ ቤቷ የምትገባ ሴት ምን እንደሚጠብቃት ካርዱን የሚጽፈው ሰው ያውቃል።

በወሲብ ከሚተላለፈውና እንደ ካንዲዳ ከራስ ሰውነት ከሚነሣው ሌላ ተመራማሪዎች የሚረሱት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ በጤና ባለሙያ እጅ የሚገባው ኢንፌክሽን። የዓለም ጤና ድርጅት ወደ 23,000 የሚጠጋ የሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ማስገባት መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ውጤት፣ የማህፀን ቱቦ ኢንፌክሽን በመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ከዚያ በኋላ ካለው ጊዜ ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር። ጥፋቱ የሉፑ ሳይሆን የሚገባበት ሰዓት ነው ማለት ነው፦ ያልታየ ክላሚዲያ፣ ያልጸዳ መሣሪያ፣ የብልት ግድግዳን ነክቶ የገባ መለኪያ ዘንግ። መሣሪያ በእንፋሎት በሚያጸዳው ኦቶክሌቭ ላይ የሚደረገውም ይታወቃል። 121 ዲግሪ የደረሰበት ደቂቃ ሳይጠበቅ ሰዓት ይቆጠራል፤ ለተጠቀለለ መሣሪያ 30 ደቂቃ የሚያስፈልገው ከዚያ ጀምሮ ነው። መቀሱና ፎርሴፑ ተዘግቶ ይገባል፤ እንፋሎቱ መጋጠሚያውን ሳይነካው ይወጣል።

ከጥናት ሰዎች የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማይክሮስኮፕ ወደ መንደር መውሰድ ካልተቻለ፣ ናሙናውን ስላይድ ላይ ቀብቶ በአየር አድርቆ ማምጣት ይቻላል፤ በግራም ቀለም ተቀብቶ በኑጀንት ነጥብ (የባክቴሪያዎቹን ዓይነትና ብዛት አይቶ በሚሰጥ ነጥብ) ከሳምንታት በኋላም ይነበባል፣ ከ0 እስከ 3 ጤነኛ፣ ከ7 እስከ 10 ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ። ትራይኮሞናስ በዚህ መንገድ አይያዝም። ለጨብጥና ለክላሚዲያ ሴቲቱ ራሷ በስዋብ የወሰደችው ናሙና ባለሙያ ከወሰደው የማይተናነስ ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ በብዙ ሆስፒታሎች የተተከለው ጂን ኤክስፐርት ማሽንም ለእነዚህ ሁለቱ የሚሆን ካርትሪጅ አለው፣ በ90 ደቂቃ ገደማ ውጤት ይሰጣል። ዋጋው ይከብዳል፤ ለሁሉም ሰው ባይደረግ ከተጠኚዎቹ ለጥቂቶቹ ማድረግ ግን የመጠይቁ ቁጥር ምን ያህል እንደሳተ ያሳያል።

ከዝግጅት ክፍላችሁ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጠይቃለን። ስለዚህ ጉዳይ ቁጥር ስታወጡ «በመጠይቅ» ወይም «በላብራቶሪ ምርመራ» የተገኘ መሆኑን ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ። ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ ይህን ጨምሩ፦ ከእምብርት በታች ሕመም ያላት ሴት የወር አበባዋ ቀርቶ ከሆነ፣ ደም ከፈሰሳት፣ በቅርቡ ከወለደች ወይም ካስወረዳት፣ ፋርማሲ ሄዳ እንክብል መግዛቱን ትታ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በማዋለድና በላብራቶሪ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ