አምስት ዓመት ሳይለካ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ልብስ እሰፋለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እኛ ጋ ተረት ብቻ አይደለም። ለከተራ ያላደረሰ ልብስ ሰፊ ምን እንደሚወርድበት እኔን ጠይቁኝ። አንድ ዓመት የአንዲት ደንበኛዬን የልጅ ቀሚስ ሳላደርስ ቀረሁ። እትዬ እስከ ዛሬ በደጄ ያልፋሉ፣ ሰላም ይሉኛል፣ ጨርቃቸውን ግን ጎረቤቴ ጋ ነው የሚወስዱት። እኔ እንግዲህ በየጥር ምርጫ አለብኝ።

የፓርላማ ተወካያችን ምርጫ ያለበት በአምስት ዓመት አንዴ ነው። በ2007 የተመረጡት ደግሞ የ2012ቱ ምርጫ በኮሮና ስለተላለፈ ስድስት ዓመት ቆዩ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የነበሩ አባት «ለመሆኑ የእስካሁኑ ማን ነበር?» አሉ። ስሙን የነገራቸው የለም። እኔም አላውቀውም ነበር፣ ሐፍረቱ የጋራ ነው።

ጓደኛዬ «እንደ አሜሪካ ሁለት ዓመት ይደረግ» ይላል። አይመስለኝም። እዚያም ቢሆን ሁለት ዓመቱ ለታችኛው ምክር ቤት ነው፤ የሴኔቱ ስድስት ነው። በሁለት ዓመት ጨርቁ ሳይቆረጥ ቅስቀሳ ይመጣል። በጃንሆይ ጊዜ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች አራት ዓመት ነበራቸው። አራትም ሆነ አምስት ለእኔ ያው ነው።

የእኔ ቅሬታ መሃሉ ላይ ነው። ኮት ስሰፋ ደንበኛው እጅጌው ሳይገጠም መጥቶ ይለካዋል፤ ጠበበኝ ካለ ያኔ ይፈታል። የአሁኑ ሕገ መንግሥትም ይህን አልረሳም። አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል ይላል። ከየት እንደሚጀመር ደንበኛዬ የሆነ ጠበቃ ጠየቅሁ። ሳቀና ስለ ሱሪው ማውራት ቀጠለ።

እሺ፣ ማንሳቱ ይቅር። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ክረምቱ በሙሉ አለ ማለት ነው። ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ብቅ ማለት ምን ይከብዳል? እኔ የምጠይቃቸው የሰፈራችንን ውሃ ነው፤ ሌላውም የየራሱን ይጠይቃል። ሐምሌ ላይ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ሱቄ ውስጥ ወንበር አይጠፋም። የሚያጥር ሱሪ ካላቸውም ይዘው ይምጡ።

ልብስ ሰፊው
ከጎንደር