አሯሯጭ አያቋርጥም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ሰንዳፋ ከተማ ጎሚስታ አለኝ። ደንበኞቼ ጎማቸው እስኪጠገን ጋዜጣችሁን ያነባሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ስለ አንድ ማራቶን «አሯሯጩ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቅቶት አቋረጠ» የሚል ሰማሁ። (አሯሯጭ ማለት ከፊት ሆኖ ሌላውን ሯጭ በተስማሙበት ፍጥነት የሚወስድ ነው።) ሹፌሩ ቀና ብሎ አየኝና «እንዳንተው ነዋ!» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የሩጫ ክለብ ነበርኩ። አሁን የምሮጠው ለጤና ነው፤ እግሬ ግን ፔስ (የሩጫ ፍጥነት) አልረሳም። አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። አንድ ክለብ «በሰንዳፋ አስፋልት ማራቶኑን ከ2:25 በታች ከገባህ እንወስድሃለን» አለው። የኦሎምፒክ ሚኒማ (ለመሳተፍ የሚጠየቅ ሰዓት) አይደለም፤ ለፓሪስ 2024 የወንዶች ማራቶን ሚኒማው 2:08:10 ነበር። ግን ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ የሚሮጥ 2:25 ቆላ ላይ ከሚሮጠው ጋር አንድ አይደለም።

ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ከሄድን 2:24:52 ይመጣል። የምትተርፈን 8 ሰከንድ ናት። እስከ 30 እኔ ልወስደው፣ ከዚያ ብቻውን ሊጨርስ ተስማማን።

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ወደ አለልቱ አቅጣጫ ሄዶ መመለስ ነው። የአክስቱ ልጅ በባጃጅ በሶና ውኃ በሃይላንድ ይዞ ይከተለናል። አሠልጣኙ በመኪና ከኋላ አለ። የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር በ3:18 ሄድኩ። ጉጉት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አሠልጣኙ በመስኮት «ገደልከው!» ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነበር። ቀስ ብዬ ወደ 3:26 መለስኩት። ድንገት ፍሬን ብይዝ ኖሮ የባሰ ነበር፤ ከኋላ ያለው ሰው እግሩ ይደናገራል።

አሯሯጭ ዞር ብሎ አያይም። እኔ የማዳምጠው ኮቴውን ነው። ኮቴው ከኔ ጋር ሲገጥም ደህና ነው። መጎተት ሲጀምር ሁለት እርምጃ ያህል ቀለል አደርግለታለሁ፣ ሳይነቃብኝ። ግማሹን በ1:12:20 አለፍን። እስኪነጋ አየሩ ጸጥ ያለ ነበር። ስንመለስ ነፋሱ ከፊት መጣ። ሜዳው ገላጣ ነው፤ የሚከልል ዛፍም ግድግዳም የለም። ስለዚህ ግድግዳው እኔ ሆንኩ። ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች «አይዟችሁ ልጆቼ!» ይሉናል። አንድ የአህያ መንጋ መንገዱን ዘግቶ ሦስት ሰከንድ ያህል በላብን። አህያ ሰዓት አይገባትም።

30ኛው ላይ 1:42:55 ነበር። ሥራዬን ጨርሻለሁ። ልወጣ ስል ከኋላዬ «እንዳትሄድ» አለኝ። ከተነሣን ጀምሮ የተናገራት ቃል እሷ ብቻ ናት። ሄድኩ። 36 ላይ ባቴ ተኮማተረ፤ ባጃጁ ውስጥ አስገቡኝ። የቀረውን ነፋሱን ብቻውን ተጋፍጦ በ2:24:51 ገባ። 9 ሰከንድ።

እንግዲህ ሹፌሩ «አንተም አቋረጥክ» የሚለው ይህንን ነው።

አሯሯጭ ገና ሲነሣ የሚወጣበትን ኪሎ ሜትር ያውቃል። እስከዚያ ድረስ ከወሰደ ሥራውን ጨርሶ ወጣ ይባላል። ቀድሞ ከደከመው ደግሞ ደከመው በሉ፤ አልከፋም። አልወጣም ብሎ የሚቀጥልም አለ። በ2003 (በአውሮፓውያን) በርሊን ላይ ኬንያዊው ሳሚ ኮሪር አሯሯጭ ሆኖ ገብቶ 2:04:56 ሮጧል። አሸናፊው ፖል ቴርጋት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የቀደመው በ1 ሰከንድ ብቻ ነው። ደንቡም ነገሩን በቁም ነገር ይዞታል። ኬንያዊው ማራቶኒስት ኤሊውድ ኪፕቾጌ በ2019 ቪየና ላይ 1:59:40 ሲሮጥ አሯሯጮቹ እየተፈራረቁ ይገቡ ስለነበር በክብረ ወሰንነት አልተያዘለትም። በሴቶች ደግሞ ከወንዶች ጋር የተሮጠና ሴቶች ብቻ የሮጡት ክብረ ወሰን ለየብቻ ነው የሚመዘገበው። የኛዋ ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ ከወንዶች ጋር 2:11:53፣ በ2025 ለንደን ላይ በሴቶች ብቻ ውድድር 2:15:50 ሮጣለች። መንገዱና ቀኑ ይለያያል፤ ግን ከፊት ማን እንዳለ ባይቆጠር ኖሮ ሁለት መዝገብ ምን ያደርጋል?

የምጠይቃችሁ አንዲት መስመር ናት። የማራቶን ውጤት ስትጽፉ አሯሯጩ ማን እንደነበርና እስከ ስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደወሰደ ጨምሩ። ቦታ ከጠበባችሁ የአየር ሁኔታዋን አንሷት፤ ዝናቡን እኛው እናየዋለን።

ጓደኛዬ ሰኞ ክለቡ ካምፕ ገባ። እኔ ባቴን እያሸሁ ጎማ እነፋለሁ። ሹፌሩ ነገ እንደሚመለስ ነግሮኛል፤ ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት ጮክ ብሎ የሚያነበው እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጎሚስታው፣ ከሰንዳፋ