የደመሰስኩት የምርመራ ዓምድ

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራውም ያው ነው፤ ጠጉሬ ብቻ ሸብቷል። ይህን ያህል ዓመት ድምፄን ሳጠፋ መጀመሪያ ላይ ተቀይሜህ ነበር፣ አልዋሽህም። ቅያሜው ከበረደ በኋላ ደግሞ "አሁን ምን ብዬ ነው የምጽፍለት?" እያልኩ ወር በወር ላይ ተደረበ። ዛሬ ያስጀመረኝ ያንተው ጽሑፍ ነው።

የፓምፕ ፋብሪካችንን የግዥ መዝገብ ታስታውሰዋለህ አይደል? ቀን፣ ኮድ፣ ብዛት፣ አቅራቢ፣ የገባበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ "ምርመራ" የምትለዋ ዓምድ። ሌሎቻችን ባዶዋን የምንተዋት፣ ቢበዛ "ተረክበናል" ብለን የምናልፋት፤ አንተ ግን የልብህን የምትጽፍባት። ደንበኛ ምን ያህል እንደሚያዝ የሚተነብየው አዲሱ ሲስተም ሲገባ መረጃውን የማጽዳት ሥራ የተሰጠው ለእኔ ነበር። ሲስተሙ የሚፈልገው ቁጥር ነው። ያቺን ዓምድ ከላይ እስከ ታች መረጥኩና ደመሰስኳት። ከኋላዬ ቆመህ ነበር። "አጸዳኸው፤ አሁን ምንም የለበትም" ብለህ ወጣህ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ባለፈው ወር አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከመወገዱ በፊት ምን እንዳለበት እንዳይ ተሰጠኝ። ከጽዳቱ በፊት የተቀመጠው ቅጂ እዚያ ውስጥ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ምርመራህ፣ ከነፊደል ግድፈቱ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት የተጣላንበትን ነገር ልድገምልህ፤ በዚህኛው ዙር በአንተ ወገን ሆኜ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።) ማርች 2021 ነበር፤ ኤቨር ጊቨን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ የተጋደመችበት ሳምንት። 400 ሜትር የምትረዝም መርከብ፣ ከዓለም ንግድ 12 በመቶ ያህሉ የሚያልፍበትን መንገድ እንደ ቡሽ ወትፋ ስድስት ቀን ቆየች። እኛ ላይ በቀጥታ የዘገየው ኮንቴይነር ሁለት ብቻ ነበር። ደንበኞቻችን ግን ፈሩ። መቶ ይበቃው የነበረው ሁለት መቶ አዘዘ፤ ሌላው ለእኛም ለተፎካካሪያችንም አዘዘ፣ ቀድሞ የደረሰለትን ወስዶ የቀረውን ሊሰርዝ። ሲስተሙ ይህን ሁሉ አይቶ "ፍላጎት ጨምሯል" አለ። አንተ "ይሄ ፍላጎት አይደለም፣ ፍርሃት ነው" አልክ። እኔ ግራፉን ይዤ በሰው ፊት ተከራከርኩህ።

በአቅርቦት ሰንሰለት ሙያ ይህን የጅራፍ ውጤት ይሉታል፤ እጀታው ላይ ትንሽ የተነቀነቀው ጫፉ ጋ ሲደርስ ይጮኻል። የአሜሪካው አምራች ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነገሩን ያስተዋለው በዳይፐር ነው። ሕፃን ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን ነው ዳይፐር የሚጨርሰው፤ ትእዛዙ ግን ከቸርቻሪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ጥሬ ዕቃ አቅራቢ በወጣ ቁጥር ይባስ ይዘላል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለእነዚያ ደንበኞቻችን ነበር፤ እጥፍ ያዘዙት እነሱ፣ "ዕቃ ጠፋ" ብለው የጮኹትም እነሱው። እኛም በላያችን ላሉት እንደዚያው ነበርን። ማሽኑን ብቻ መውቀስ ደግሞ አይገባም፤ ያስተማርኩት በትእዛዝ ታሪክ ብቻ ነው፣ ደንበኛው በእርግጥ ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚያሳየውን አልሰጠሁትም። አሁን ከትልልቆቹ ደንበኞች የመጋዘን ቀሪያቸውን በየሳምንቱ እንወስዳለን፤ ትንበያው ከዚያ ወዲህ ሰው ሆኗል።

ከሥራ ከወጣህ በኋላ የሆነውን ግን አልሰማህም። መጋዘኑ በሞተርና በብረት አካል ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ፓምፕ መገጣጠም ያቆምነው በአንዲት የጎማ ቀለበት ነው። ኦሪንግ። መጋጠሚያው እንዳያፈስ የምትዘጋ፣ ከጣት ቀለበት እምብዛም የማትበልጥ፣ ከፓምፑ ዋጋ ውስጥ ፈልገህ የማታገኛት። ሁለት አቅራቢ ነበሩን፣ ስለዚህ ተኝተን ነበር። አንዱ "ይዘገያል" አለን፤ ወደ ሁለተኛው ዞርን፤ እሱም በዚያው ቀን "ይዘገያል" አለ። ለካ ሁለቱም የሚገዙት ከአንድ የጎማ ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው ማሽን ተበላሽቶበት ቆሟል። ያልተዘጉትን ፓምፖች በተርታ ደርድረን፣ አፋቸውን በላስቲክ ሸፍነን፣ ሰባት ሳምንት ጠበቅን።

ሃርድ ዲስኩ ላይ ያገኘሁትን ላንብብልህ። 2016፣ በሁለተኛው አቅራቢ ትይዩ፦ "ከዚያኛው ጋር ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚቀዱት።" ይህችው ናት። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። ይቅርታ ወንድሜ። ያኔ ልልህ የሚገባኝ ነበር።

እኛ ብቻ አለመሆናችን ትንሽ ያጽናናኛል። ማርች 2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ኦናሃማ የሚገኘውን የጀርመኑን የሜርክ ፋብሪካ አስቆመው። የመኪና ቀለምን የሚያብለጨልጨው ዚራሊክ የተባለ ዱቄት በዓለም ላይ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነበር። ፎርድ አንድ ጥቁርና አንዳንድ ቀይ ቀለሞችን ማዘዝ እንዲቆም ለሻጮቹ ነገረ። መኪናን የሚያህል ነገር በዱቄት ተያዘ።

ፎርድን ካነሳሁ አይቀር፣ እኔን ያቃናኝ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዴቪድ ሲምቺ-ሌቪ ከእነሱ ጋር የሠራው ሥራ ነው። ሰውዬው ጥያቄውን ገለበጠው። "ምን አደጋ ይመጣብን ይሆን?" ብሎ ጥንቆላ ከመግባት፣ "ይህ ቦታ በምንም ምክንያት ይሁን ቢቆም ምን እንሆናለን?" ብሎ መጠየቅ። ለዚህ ሁለት ቁጥር ይበቃል፤ ቦታው ለማገገም የሚፈጅበት ጊዜና እኛ ባለን ክምችት ሳንቆም የምንዘልቅበት ጊዜ። የጎማ ፋብሪካው ለመነሳት ዘጠኝ ሳምንት ፈጀበት፤ የእኛ ቀለበት የሁለት ሳምንት ነበር። ሰባቱን ሳምንት የጠበቅነው ለዚህ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ቅነሳ ነው። ፎርድ ላይ የታየው ደግሞ ለአንድ አቅራቢ የሚከፈለው ገንዘብና እሱ ቢቆም የሚደርሰው ጉዳት እምብዛም እንደማይገናኙ ነው። ሁሉም ዓይኑን ውዱ ዕቃ ላይ ተክሎ ሲጠብቅ፣ የሚጥለው ርካሹ ሆኖ ይገኛል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታዲያ ምን ረዳን ትለኛለህ። ቅነሳውን አይደለም። ከባዱ ማን ከማን እንደሚቀዳ ማወቅ ነው፤ የአቅራቢያችንን አቅራቢ፣ ከዚያም በላይ ያለውን። ደረሰኙን፣ የጭነት ሰነዱን፣ የጥራት ምስክር ወረቀቱን፣ ኢሜይሉንና ያንተን ምርመራ አንድ ላይ ጽሑፍ አንብቦ ለሚፈታው ፕሮግራም፣ ለቋንቋ ሞዴሉ፣ እንሰጠዋለን። ድሮ "ማሽን አያነበውም" ብዬ የጣልኩት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ሆነ፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። አንድ አቅራቢያችን መዝገቡ ላይ በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተቀምጦ ነበር፣ አንዱ ላይ "እና ልጆቹ" ተጨምሮበት፤ እነዚያን አንድ አደረጋቸው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የምስክር ወረቀቶቹ ናቸው። ግርጌ ላይ በደቃቃ ፊደል የባች ቁጥር፣ በአንድ ዙር የተመረተውን ዕቃ የሚለየው፣ ይጻፍ የለ? የሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች ሰነድ ላይ ቁጥሩ በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ሲመጣ አየና ጠቆመን። ደውለን ስናጣራ በዚህ መንገድ ብቻ ሌሎች ሦስት "ጉድጓዶች" ወጡ።

ይሳሳታል ግን፣ ያውም ሳያፍር። በመጀመሪያው ሳምንት የማጣበቂያ አቅራቢያችንን ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ጋር አያይዞ አመጣ። ፋብሪካው ጋ ብንደውል ስሙንም ሰምተውት አያውቁም። ስንፈትሽ ያገናኛቸው አንድ ከተማ ውስጥ መሆናቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፤ የተወሰደበትን ሰነድና መስመር የማያሳይ ግንኙነት ማን ከማን እንደሚገዛ በምንይዝበት ካርታችን ላይ አይገባም፣ የሚያሳየውንም ሰው ደውሎ ያረጋግጠዋል። አቅራቢዎች ደግሞ ከማን እንደሚገዙ ሲጠየቁ ይከፋቸዋል፤ አልፋችሁን ሄዳችሁ ትገዛላችሁ ብለው ይሰጋሉ (አንዳንዴም እውነታቸውን ነው)። "ስሙን ተዉት፣ ቢቆም በስንት ሳምንት እንደሚነሳ ብቻ ንገሩን" ስንላቸው ግን ብዙዎቹ ይመልሳሉ።

ዜና የሚከታተል ነገርም አለን። መጀመሪያ ላይ ስልኬን ሌሊቱን ሲያስጮኸው ያድር ነበር። አንዴ "አቅራቢህ ከተማ ጎርፍ ገብቷል" ብሎ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ፤ ጎርፉ በሌላ አህጉር ያለ ስመ ሞክሼ ከተማ ውስጥ ነው። ደግሞስ ወሬው መድረሱ ብቻ መቼ ያድናል? ማርች 2000 አሜሪካ፣ አልበከርኪ ከተማ የሚገኘው የፊሊፕስ ቺፕ ፋብሪካ በመብረቅ ሳቢያ እሳት ተነሳበት። እሳቱ በደቂቃዎች ጠፋ፤ ጭሱና ውሃው ግን የማምረቻ ክፍሉን አበላሸው። ሞባይል ሠሪዎቹ ኖኪያም ኤሪክሰንም ከዚያ ይገዙ ነበር፣ ወሬው ሁለቱም ጋ ደርሷል። ኖኪያ ወዲያው ሰው አሰማራ፤ ፊሊፕስ በሌሎች ፋብሪካዎቹ እንዲያመርትለት ወጥሮ ያዘው፣ የሚቻለውንም ወደ ሌላ አቅራቢ አዞረ። ኤሪክሰን ጋ ነገሩ ወደ ላይ እስኪወጣ ሳምንታት አለፉ፣ ሌላ ምንጭም አልነበረውም፤ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል አጣ። ስለዚህ የእኛ ማስጠንቀቂያ አሁን ብቻውን አይመጣም፤ ስንት ሳምንት ክምችት እንዳለን፣ የትኛው ምርት እንደሚቆምና ጠዋት ማን ለማን እንደሚደውል ይዞ ካልመጣ ስልኬን አይነካም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ እዚህ የሚያዋራኝ ስለሌለ ላንተ ላውጋህ። ተፎካካሪዎቻችንም ይህንኑ ዓይነት ሲስተም አስገብተዋል። ነገ አንድ ፋብሪካ ቢቆም የሁላችንም ማሽን በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደዚያው አንድ ተተኪ ያመለክታል፤ ሁላችንም በሩ ላይ እንገናኛለን። መላ አላገኘሁለትም፤ ከተተኪው በደህናው ቀን ትንሽ ትንሽ እየገዙ መተዋወቅ ካልሆነ። አንተ ይህን ስታደርግ "ከውድ ቦታ ለምን ትገዛለህ?" ብዬ በጽሑፍ የጠየቅኩህ እኔ ነበርኩ፤ ደብዳቤውንም እዚያው ዲስክ ላይ አገኘሁት።

የቀለበቱን ክምችት ወደ አሥር ሳምንት እናሳድግ ስል ኃላፊዎቹ አምስት ደቂቃም አልፈጀባቸው፤ አንዲት መደርደሪያ ይበቃዋል። የመቆጣጠሪያው ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ሲነሳ ግን ፊታቸው ተለወጠ። እሱ ገና ክርክር ላይ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ። ሞዴሉ ምርመራህን እያነበበ "ምንጭን ይመለከታል"፣ "ጊዜን ይመለከታል"፣ "መረጃ የለውም" እያለ ይመድባል። "ቀ.ይ." የምትለውን "ቀን ይጠቀስ" ብሎ ፈታው፤ እኔ "ቀድሞ ይከፈል" ይመስለኛል። የቱ ነው? ይሄ ቀላሉ ነው። በአንድ የቫልቭ አቅራቢ ትይዩ ደግሞ "ይህን ሰው አታስቸኩሉት" ብለህ ጽፈሃል፤ በተለያየ ዓመት፣ አሥራ አራት ጊዜ። ሞዴሉ "መረጃ የለውም" ውስጥ ጣለው። እኔም ላልፈው ነበር፤ ግን አንተ አንድን ነገር አሥራ አራት ጊዜ በከንቱ እንደማትጽፍ አውቃለሁ። ዕቃው ከገባባቸው ቀኖች ጋር አስተያየሁት። "አስቸኳይ" ብለን የላክንለት ትእዛዝ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ዝም ካልነው ትእዛዝ ዘግይቶ ነው የገባው። ለምን እንደሆነ ግን ከየትኛውም ሰነድ አይወጣም።

ሰኞ ለዚሁ ሰው ትልቅ ትእዛዝ ይሄዳል። ኃላፊዬ "አስቸኳይ" የሚለውን ማኅተም እንድመታበት ይፈልጋል። ሳልመታ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ጓደኛህ