ይድረስ ለእህት ዓለሜ

እህት ዓለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ ደህና ናቸው? አምስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ "ደህና ነሽ ወይ" ማለት አሳፍሮኛል። ብትቀየሚኝ አይፈረድብሽም። ግን የጠፋሁበትን ምክንያት ከእኔው አፍ ስሚው።

ቁጥርሽን ብሎክ ያደረገው ያ የግቢ ፍቅረኛዬ ነው። ዶርም በር ላይ ስልኬን ከእጄ ወስዶ፣ እያየሁት። እኔ ዝም አልኩ። ዝምታው የኔ ነው።

መጀመሪያ ላይ ቅናቱ ደስ ይለኝ ነበር። "ስለሚወደኝ እኮ ነው" ስልሽ፣ "የሚወድሽ ሰው ስልክሽን ምን ያስበረብረዋል?" ትይኝ ነበር። ከዚያ ፓስወርዴን ወሰደ። ከዚያ ልብሴን ይመርጥልኝ ጀመር። ከላይብረሪ አሥር ደቂቃ ከዘገየሁ ከማን ጋር እንደቆምኩ መናገር ነበረብኝ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ሸሹ። መጨረሻ ላይ የቀረሽኝ አንቺ ነበርሽ።

በጥፊ የመታኝ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስንሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ለክፍሌ ልጅ ሰላም ስላልኩ። ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ቀጠለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ምን አድርገሽው ነው ልጄ?" አሉኝ። በክፋት አልነበረም፣ ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሴቶች 63ቱ ባል ሚስቱን ሊመታ የሚችልበት ምክንያት አለ ብለዋል። ያን ቀን እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። ማታ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ስንመረቅ እሱ ክፍለ ሀገር ሥራ አገኘ። በዚያው ተለያየን።

አሁን ለምን እንደምጽፍልሽ ልንገርሽ። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና መጣች። ፍቅረኛዋ አንቋታል። "ምንም አልሆንኩም፣ ደግሞስ አላገባሁት፣ ማን ይሰማኛል?" አለችኝ። እውነት ነው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ላይ የሚያነሳው ባልና ሚስትን፣ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም ነው። የግቢ ፍቅረኛን አይጠቅስም። ግን ሰው ላይ ጉዳት ማድረስ ማንም ያድርሰው ማን ወንጀል ነው። የታነቀ ሰው ደግሞ ከላይ ምልክት ሳይታይበት ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። ለምኜ ጋንዲ ሆስፒታል ወሰድኳት። እዚያ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ሐኪሙም ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል አለ። አንድን ነገር አሥር ቢሮ እየዞሩ መናገር እንዳይኖር ነው። እኛ ግቢ እያለን ይህን ማን ነገረን?

ተራ ስንጠብቅ እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ "አንቺስ ያኔ ማን ይዞሽ መጣ?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ይዞኝ የሚመጣ ሰው ነበረኝ እኮ። ቁጥሯ ብሎክ ሆኖ ነው።

ማኪያቶ የምንጠጣባት የፒያሳዋ ቤት ፈርሳለች። ጊዮርጊስ ግን እዚያው ነው። ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ በሩ ጋ እቆማለሁ። ካልተመቸሽ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እዚያው ነኝ።

የአንቺው