የአይሲቲ ክበብ በ2017 ዓ.ም፦ ፎርማት ከማለታችን በፊት

መስከረም ላይ ለአዲስ አባላት ጥያቄ አቀረብኩ። ቤታችሁ ያለው ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱ በአንድ ድምፅ መጣ፤ «ፎርማት!» ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። አልፈርድባቸውም፣ ሰፈር ያለው ጠጋኝም የሚለው ይህንኑ ነው። የቤተሰብ ፎቶ አብሮ ሲጠፋ ነው ጸጸቱ የሚመጣው። ስለዚህ ዘንድሮ የፓወርፖይንት ሥልጠናውንም ውድድሩንም ትተን አንድ ነገር ላይ ተጣበቅን፤ ማንም ሳይጠራቸው ከኋላ ሆነው የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ማወቅና ማስታገስ።

የመጀመሪያው ሐሙስ በሳቅ አለቀ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነን ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን ሁሉ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፈትን። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ዲቴይልስ የሚለውን ገጽ ሲያይ «ቲቸር፣ ሌባው ተያዘ!» ብሎ ጮኸ። ሲስተም አይድል ፕሮሰስ የሚባለው 95 በመቶ ላይ ተቀምጧል። ልጁ ሊዘጋው ይታገላል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። ነገሩ ለካ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ የሚያሳየው ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ የተቀመጠበትን ጊዜ ነው። 95 ከሆነ ማሽኑ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ ክበቡ ውስጥ የሚያንቀላፋ ሁሉ ስሙ «አይድል» ነው።

ጥቅምት ላይ አንዲት አባላችን የአባቷን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ዊንዶውስ 10፣ 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ። ማብሪያው ከተጫነ ወርድ እስኪከፈት በስልኳ ስትለካው 7 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። «አባዬ ተጭኖት ፊቱን ሊታጠብ ይሄዳል» አለችን። «ማታ ማታ ያጠፋዋል» ብትልም፣ የታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ ገጽ ላይ አፕ ታይም የሚለው፣ ማለትም ሲስተሙ ከዜሮ ከተነሳ የቆየበት ጊዜ፣ 11 ቀን ይላል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ ከበራ ሸት ዳውን ስንለው የሲስተሙ ዋና ክፍል ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል፣ ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ይህን እኔም ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ስታርትአፕ የሚለውን ገጽ ገለጥን። ቴሌግራም፣ ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭ፣ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ማንም የማይነካው ሁለተኛ የፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ ከተሸጠ ሦስት ዓመት ያለፈው ፕሪንተር ሶፍትዌር፤ ሁሉም ኮምፒውተሩ ሲነሳ እኩል ይጋፋሉ። ሃይ፣ ማለትም ማስነሻውን በጣም የሚያዘገዩ፣ ተብሎ የተጻፈባቸውን አንድ በአንድ ዲሴብል አደረግን። ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ሲፈልጉት ይከፈታል፣ ሳይጠሩት አይመጣም እንጂ። አንቲቫይረሱን ግን አልነካንም። ሪስታርት አድርገን ስንለካ 3 ደቂቃ ከምናምን ሆነ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ደስታቸውን ትንሽ አበረድኩት፤ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ፣ በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ካልተቀየረ ይህ ላፕቶፕ አይበርም።

የዳታው ነገር ይብሳል። ለቤት ሥራ የተገዛ 1 ጊጋ በአንድ ምሽት እልም ይላል፣ ልጁ የከፈተው ግን ሁለት ገጽ ብቻ ነው። ላፕቶፑ የስልኩን ሆትስፖት እንደ ቤት ዋይፋይ ቆጥሮ አፕዴቱን ያወርዳል፣ ዋንድራይቭ ፎቶ ይጭናል፣ ቴሌግራም የየግሩፑን ቪዲዮ ይለቅማል። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ዩሴጅ ላይ ማን ስንት እንደበላ ተዘርዝሮ አለ፣ እዚያ ያላየ ቴሌን ባይወቅስ ይሻላል። መድኃኒቱ እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖቱን ሜተርድ ኮኔክሽን፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠር መስመር፣ ማድረግ ነው፤ አብዛኛው አፕዴት ይቆያል፣ ዋንድራይቭም ያርፋል። ቴሌግራም ላይ ግን አውቶማቲክ ዳውንሎዱን ለብቻ ማጥፋት ያስፈልጋል። አፕዴትን ለዘለዓለም መዝጋት የሚፈልጉ ነበሩ፣ አልፈቀድኩም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደረስ ይወርዳል።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። አንድ ምሽት ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ፣ ሰርቪስስ የሚለውን፣ የዊንዶውስ የጀርባ አገልግሎቶች ዝርዝር፣ ከፍቼ ያላማረኝን ሁሉ ማስቆም ጀመርኩ። ህትመትን ተቀብሎ ወደ ፕሪንተር የሚልከው ፕሪንት ስፑለር? ቤቴ ፕሪንተር የለ፣ ምን ያደርግልኛል፣ ዲሴብል። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት የአጋማሽ ፈተና ላትም ስል ላፕቶፑ እንቢ አለ። ወረቀት አለ፣ ቶነር አለ፣ መብራት እንኳ አለ፤ ህትመት የለም። የፈተና ክፍሉ ኃላፊ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ያቺው ባለ ላፕቶፕ ልጅ በአጠገባችን ስታልፍ ጠራኋት። አንድ ደቂቃም አልፈጀባት፤ «ቲቸር፣ ማን ነው ይሄን የዘጋው?» አለች። መልስ አልሰጠሁም።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛን። ቀኑ፣ የተዘጋው ነገር ስም፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ ከመነካቱ በፊት እንዴት እንደነበር ሳይጻፍ ማንም ምንም አይዘጋም፣ እኔንም ጨምሮ። ሥራው ምን እንደሆነ መጻፍ ያልቻለ እጁን ይሰበስባል። እስከ ሰኔ ወር ድረስ ደብተሩ ላይ 23 የቤት ኮምፒውተሮች ተመዝግበዋል። ሁለቱ ፎርማት ተደርገዋል፣ ቫይረስ ስለበላቸው ሌላ መላ አልነበረም፤ ፎቶዎቹን ግን አስቀድመን ፍላሽ ላይ ገልብጠናል።

ደብተሩ ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ አለ። በሚቀጥለው ዓመትም ሐሙስ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኛለን፤ ላፕቶፕ የምታመጡ ቻርጀሩን አትርሱ።