ሳይለካ «ሙሉው ይቀየር» ስለተባለ የመኪና ማሞቂያና ስለተከለከለ ዋስትና የቀረበ ቅሬታ

ለመለዋወጫ ሽያጭና ጥገና ድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተሳሳተ የምርመራ ውጤት እንዲታረምና ጉድለት ያለበት የማራገቢያ ሪዚስተር እንዲተካ ስለመጠየቅ

የጥገና ክፍላችሁ የሰጠኝ የምርመራ ውጤት የተሳሳተ ነው። ከመለዋወጫ መደብራችሁ የገዛሁት የማሞቂያ ማራገቢያ ሪዚስተርም (የማራገቢያውን ፍጥነት የሚቀንሰው ዕቃ) ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት ጀምሮ ጉድለት ያለበት ነው። ይህ እያለ «ቤት ውስጥ ስለተገጠመ ዋስትና የለውም» ተብዬ ተመልሻለሁ። ዕቃው በእጄ ስለሚገኝ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ባለሙያችሁ በአንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ሊያረጋግጠው ይችላል።

መኪናዋ በእጅ የሚዞሩ ሦስት መቆጣጠሪያዎች ያሏት የጃፓን አውቶሞቢል ናት። መቆጣጠሪያዎቹ አንዱ ለንፋስ ፍጥነት፣ አንዱ ለሙቀት፣ አንዱ ለንፋስ አቅጣጫ ናቸው። ይዤ የመጣሁት ችግር ሁለት ነበር። ማራገቢያው በ1፣ በ2 እና በ3 ቁጥር ጨርሶ አይነሳም፤ የሚሠራው በ4 ብቻ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያው ደግሞ ቀዩ ጫፍ ድረስ ቢዞርም የሚወጣው ንፋስ ለብ ከማለት አያልፍም። የምርመራ ወረቀታችሁ ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጥቷል፦ «የመቆጣጠሪያ ፓነልና የማራገቢያ ሞተር ሙሉ ቅያሪ»። ወረቀቱ ላይ የተለካ ቮልትም ሆነ አምፔር አልሰፈረም።

በ4 ቁጥር የሚነፍስ ሞተር የሞተ ሞተር አይደለም፤ ይህን ለማወቅ መኪናውን መፍታት እንኳ አያስፈልግም። ሪዚስተሩ ውስጥ ያሉት ጥቅልል ሽቦዎች ተከታትለው የተያያዙ ናቸው። በ1 ቁጥር ኤሌክትሪኩ በሁሉም ያልፋል፣ በ2 ቁጥር አንዱን ይዘላል፣ በ3 ቁጥር በመጨረሻው ብቻ ያልፋል፣ በ4 ቁጥር ግን ሪዚስተሩን ትቶ በቀጥታ ይሄዳል። ለ1፣ ለ2 እና ለ3 የጋራ የሆነ፣ ዕቃው ከልክ በላይ ሲግል ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ አንድ የሙቀት ፊውዝ እዚያው ዕቃው ላይ ተገጥሟል። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሞተው 4 ከቀረ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ፊውዝ ነው፤ ቀጥሎ የሪዚስተሩ ሶኬት ይታያል። ፓነሉና ሞተሩ ወረፋቸው ሩቅ ነው። አራቱም ቢሞቱ ኖሮ ዋናውን ፊውዝ፣ ሪሌውን፣ የግራውንድ ሽቦውንና ሞተሩን መጠርጠር ተገቢ ይሆን ነበር።

ሥራው በቤት የተሠራው እንዲህ ነው። በቅድሚያ የባትሪው ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ተፈቶ ተነሳ። የሚነካው ቦታ ለኤርባግ ሽቦዎች ቅርብ ስለሆነ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ትንሽ ይቆያል፤ የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይላሉ። ከዚያ በተሳፋሪው ፊት ያለው የዕቃ ኪስ ባዶ ተደርጎ፣ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ተጫኑና ወረደ። ሪዚስተሩ ከማራገቢያው አጠገብ የንፋስ ቦዩ ላይ በሁለት ብሎን ተይዟል፤ አጭር ባለ ኮከብ ካቻቢቴ ይበቃዋል። ሶኬቱ በሙቀት ተጣብቆ ስለነበር ምላሱ በቀጭን ካቻቢቴ ተነስቶ አካሉ ተይዞ ወጣ። ሽቦውን ይዞ መጎተት ጫፎቹን ከውስጥ ይነቅላል።

ሲወጣ አንዱ የሶኬት ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር። ውስጡ ያለው የናስ ጫፍ ላልቶ የሪዚስተሩን እግር አጥብቆ አይዝም። የላላ ጫፍ ይሞቃል፣ የሞቀ ጫፍ ይበልጥ ይላላል፤ አዲስ ሪዚስተር በአሮጌ ሶኬት ላይ ሲሰካ ቶሎ የሚቃጠለውም በዚህ ምክንያት ነው። የሶኬቱ ጤንነት የሚለካው ማራገቢያው በ3 ቁጥር እየሠራ፣ ቴስተሩ ዲሲ ቮልት ላይ ሆኖ፣ አንዱ ጫፍ በሶኬቱ ጀርባ ከሽቦው፣ ሌላው ከሪዚስተሩ እግር ጋር ተነካክቶ ነው። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። 0.5 ቮልት ከታየና 10 አምፔር እያለፈ ከሆነ፣ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቀዳዳ ውስጥ 5 ዋት ሙቀት ይፈጠራል ማለት ነው።

ስለዚህ ሪዚስተሩ ብቻ ሳይሆን ሶኬቱም ተቀይሯል። የእናንተ መደብር ሪዚስተሩን ይሸጣል፣ ሶኬቱን ከነሽቦው ግን አይዝም፤ ሶኬቱ ከሌላ ቦታ ተገዛ። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ፣ ቀለማቸው ከቀለማቸው ጋር ተመሳክሮ፣ መጋጠሚያዎቹ ጎን ለጎን እንዳይነካኩ ከፍና ዝቅ ተደርገው፣ በመቆንጠጫ ተጨምቀው፣ በሙቀት በሚሰበሰብ ላስቲክ ተሸፍነዋል። ሽቦው ከነባሩ ያልቀጠነ፣ ባለ ብዙ ክር ነው። ባለ አንድ ዘንግ የቤት ሽቦ በመኪና ንዝረት ስለሚሰበር አልገባበትም።

የመጀመሪያው ሪዚስተር ለምን እንደሞተም ታውቋል። ከዕቃ ኪሱ ጀርባ ያለው የጓዳ አየር ማጣሪያ (ወደ ተሳፋሪዎቹ የሚገባውን አየር የሚያጣራው) በአቧራና በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ነበር። ሪዚስተሩ ንፋስ ቦዩ ውስጥ የተቀመጠው ማራገቢያው በሚገፋው አየር እንዲቀዘቅዝ ነው፤ አየሩ ሲያንስ ይግላል፣ ፊውዙም ይቆርጣል። በዚህም ላይ ቅሬታ አለኝ። በመደበኛ ሰርቪስ ወረቀታችሁ ላይ «አየር ፊልተር፦ ተቀይሯል» የሚል ምልክት አለ። የተቀየረው የመኪናው ሞተር አየር ማጣሪያ ነው። የጓዳውን ማንም አልነካውም፤ በወረቀታችሁ ላይ ለእሱ መስመር እንኳ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከመደብራችሁ የተገዛው ሪዚስተር ከተገጠመ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ 1 እና 2 ቁጥር ጠፉ፤ 3 እና 4 ግን ይሠራሉ። ይህ ልዩነት ለዋስትናው ጥያቄ ወሳኝ ነው። የገጠመው ሰው አበላሽቶት ወይም ሞተሩ ብዙ አምፔር ስቦ ዕቃው ከልክ በላይ ግሎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚቆርጠው የሙቀት ፊውዙ ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። ፊውዙ ቢቆርጥ 3 ቁጥርም አብሮ ይጠፋ ነበር። አልጠፋም።

ዕቃው ወጥቶ ተለክቷል። ቴስተሩ 200 ኦም ላይ ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ የሚያሳየው 0.3 ኦም አካባቢ የገመዶቹ የራሳቸው ስለሆነ ከንባቡ ይቀነሳል። ጥቅልሎቹ ከጥቂት ኦም ስለማይበልጡ ይህን አለመቀነስ ውጤቱን ያዛባል። ፊውዙ ላይ ሲለካ ያስተላልፋል፣ ደህና ነው። የ3 ቁጥሩ ጥቅልልም ደህና ነው። ቀጣዩ ጥቅልል ግን ቁርጥ ብሏል። በማጉያ መነጽር ሲታይ የጥቅልሉ ጫፍ ከእግሩ ጋር በነጥብ ከተበየደበት ቦታ ለቅቆ ወጥቷል። የብየዳው ነጥብ ነጭና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ጥቁረት የለበትም፣ ሽቦው አልቀለጠም፣ በአጠገቡ ያለው ፕላስቲክም ቀለሙን አልለወጠም። ያልያዘ ብየዳ በንዝረት ተላቀቀ እንጂ የተቃጠለ ነገር የለም። አዲሱ ሶኬት ላይም የተለካው ከ0.1 ቮልት በታች ነው፤ ማጣሪያውም አዲስ ነው። በዲሲ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከቦ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ሲታይ የማራገቢያ ሞተሩ አምፔር አይዘልም፣ በእጅ ሲሽከረከርም አይከብድም፣ ድምፅ የለውም።

ሪዚስተሩ የሚስተካከል ነገር የለውም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፣ በሁለት ብሎን ይታሰራል፣ ይሰካል። ቤት መገጠሙ የውስጥ ብየዳውን ሊያላቅቅ የሚችልበትን መንገድ የሚያስረዳኝ ባለሙያ ካላችሁ በጽሑፍ ያስረዳኝ።

እጅግ ያሳዘነኝ ግን በመስኮታችሁ የተሰጠኝ ምክር ነው። «ፊውዙን በሽቦ አገናኘው፣ ከዚያ ሁልጊዜ ይሠራል» ተባልኩ። ይህ ምክር ለማንም ሰው ሊሰጥ አይገባም! ማጣሪያው ሲደፈን ወይም የማራገቢያ ሞተሩ ቡሽ አልቆ ሞተሩ አልዞር ሲል የጋለውን ጥቅልል የሚያቆመው ያ ፊውዝ ብቻ ነው። ጥቅልሉ የተቀመጠው ፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ነው፣ በአጠገቡ ደረቅ ቅጠል ሊከማች ይችላል፣ ከፊቱ ተሳፋሪ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ልጅ ነው። የሞተውን ፊውዝ በብረት መበየጃ እንቀይር የሚሉም አሉ፤ የመበየጃው ሙቀት አዲሱን ፊውዝ እዚያው ሊገድለው ይችላል፣ በመጨመቅ ነው የሚያያዘው። ይህን ምክር የሰጠው ሠራተኛ ሌላ ደንበኛ ላይ ከመድገሙ በፊት እንድታነጋግሩት አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የሙቀቱን ጉዳይ በአጭሩ ልግለጸው። ፓነሉ ምንም አልሆነም። ካቮው (መቆጣጠሪያውን ከማሞቂያው ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ) በማሞቂያው ሳጥን ላይ ከሚይዘው ክሊፕ ተንሸራትቶ ስለነበር መቆጣጠሪያው ሲዞር ሙቅና ቀዝቃዛ አየሩን የሚያቀላቅለው የውስጡ በር እስከ ጫፍ አይሄድም ነበር። መቆጣጠሪያው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ተደረገ፣ በሳጥኑ ላይ ያለው ምላስም በእጅ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ተገፋ፣ የካቮው ልባስ ላልቶ የነበረው ተወጥሮ በክሊፑ ታሰረ። አሁን በሁለቱም ጫፍ በሩ ሲመታ ይሰማል። ለዚህ ምንም ዕቃ አልተገዛም። የራዲያተር ውሃ መጠንና ወደ ማሞቂያው የሚገቡት ሁለት ቱቦዎች ሙቀት አስቀድሞ ታይቷል፤ ሁለቱም ትኩስ ስለነበሩ ተርሞስታቱን መጠርጠር አላስፈለገም።

ክረምት ላይ በእንጦጦ ወይም በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ የሚነዳ ሰው የፊት መስታወቱን የሚያጠራለት ይህ ዕቃ ነው። «ሙሉው ይቀየር» ተብሎ ዋጋው የማይቀመስ ሲሆን ብዙ ሰው ሳያሠራ ይነዳል፤ መስታወቱንም በእጁ እየጠረገ ይሄዳል።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ከተደነገጉት የሸማች መብቶች አንዱ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እጠይቃለሁ። ሪዚስተሩ በኔ ፊት በባለሙያችሁ ተለክቶ ውጤቱ ይጻፍልኝ፣ ጉድለቱ ሲረጋገጥም ይተካልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ። ለተሳሳተው ምርመራ የከፈልኩት ይመለስ፣ ወረቀቱም ይታረም። ሪዚስተር ስትሸጡ ሶኬቱን ከነሽቦው አብራችሁ አቅርቡ፤ ገዢውንም አሮጌው ሶኬት ቀልጦ እንደሆነ ጠይቁት። በሰርቪስ ወረቀታችሁ ላይ ለጓዳው አየር ማጣሪያ የራሱ መስመር ይኑረው።

የሽያጭ ደረሰኙን፣ የምርመራ ወረቀቱን፣ የቀለጠውን ሶኬትና የተላቀቀውን ብየዳ በቅርበት የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ሪዚስተሩን ግን ለምርመራ ስትጠሩኝ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ